ከአውሎ ነፋሱ የመጡት እንግዶች

ስለዚያ አውሎ ነፋስ የማውቀውን አብዛኛውን ያወቅሁት አልጋ ሳነጥፍ ነው። እኔ ከሎስ አንጀለስ አልወጣሁም፤ የተቆጣውን ባሕርም በዓይኔ አላየሁም። ቢሆንም ዛሬም ድረስ ሰው “የተፈጥሮ አደጋ ነው፣ ምን ይደረጋል” ሲል ስሰማ ዝም ማለት ያቅተኛል። ነፋሱ የነፈሰው አንድ ቀን ነው። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁሉ ሰው ነው የሠራው፤ ከሠሩትም ጥቂቶቹን አንሶላቸውን ቀይሬላቸዋለሁ።

ጊዜው በፈረንጆቹ አቆጣጠር የሰማንያዎቹ መገባደጃ ነበር። ዌስትቼስተር ውስጥ፣ ከኤርፖርቱ አጠገብ ካሉት ሆቴሎች በአንዱ ክፍል አጸዳለሁ። የምኖረው ከፌርፋክስ ትንሽ ገባ ብሎ ባለ አሮጌ አፓርትመንት ነው። ያኔ ፌርፋክስ ገና በእኛ ስም መጠራት አልጀመረም፤ አንድ ሁለት ምግብ ቤትና በርበሬ የሚገኝበት አንድ ሱቅ ነበር። ከዚያ ሁለት አውቶቡስ ቀያይሬ ሥራ እገባለሁ። ወረቀቴ አላለቀም። ዳውንታውን ያስገባሁት የጥገኝነት ማመልከቻ ሦስተኛ ዓመቱን ሊይዝ ነው፣ መልስ ግን የለም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው በኋላ ላደረግሁት ነገር ማመካኛ እንዲሆነኝ አይደለም። ሳልናገረው ባልፍ ግን ነገሩ አይገባም።

አብራኝ የምትሠራው ሴት ከካሪቢያን ደሴቶች ከአንዷ የመጣች ነበረች። በዕድሜ አሥራ አምስት ዓመት ያህል ትበልጠኛለች። እንግሊዝኛ አንቱታ የለውም እንጂ በልቤ ሁልጊዜ አንቱ ነበር የምላት። ሥራውን ያስተማረችኝ እሷ ናት። ፍራሽ በወገብ እንደማይነሣ፣ አንሶላ ጥጉ ላይ እንዴት እንደሚታጠፍ፣ የበረኪና ሽታ ከእጅ የሚለቀው በሎሚ ሲታሽ እንደሆነ ሁሉ። ሥራው ሁለት ሁለት ሆነን ስለሆነ፣ አንሶላውን ወዲህና ወዲያ ይዘን ስንወጥር ስለ አገሯ ታወራኛለች።

የተወለደችው በዓሣ አጥማጆች መንደር ነው። ቤቶቹ የሳንቃ ግድግዳና የቆርቆሮ ጣሪያ ያላቸው፣ በራቸው ወደ ባሕሩ የሚከፈት ነበሩ። እናቷ ዓሣ እየጠበሱ መንገድ ዳር ለቱሪስት ይሸጣሉ። ታናሽ ወንድሟ የራሱ ጀልባ አለው፤ ሞተሩን ከዚህ የላከችለት እሷ ናት። ከመንደሩ ቀጥሎ ባለው ወሽመጥ ላይ አንድ ትልቅ የቱሪስት ሆቴል አለ። ሆቴሉ ሲሠራ የመንደሩን የውሃ መስመር ወደ ራሱ ስቦት፣ ከዚያ ወዲህ መንደርተኛው ከሩቅ በባልዲ እንደሚቀዳ አጫውታኛለች። ስታወራው እንደ ድሮ ቀልድ ነበር። እኔም ስቄያለሁ።

እንቁጣጣሽ ካለፈ በኋላ፣ አንድ ቀን በምሳ ሰዓት የሠራተኞች ክፍል ቴሌቪዥን የደሴቷን ካርታ አሳየ። ከካርታው በላይ መንኮራኩር የመሰለ ነጭ ደመና ይዞራል። ጓደኛዬ ምሳዋን ወደ ጎን ገፋች። ዜና አንባቢው አውሎ ነፋሱ ደሴቷን ከዳር እስከ ዳር እንዳቋረጣት፣ ስልኩም መብራቱም እንደተቋረጠ ተናገረ። ቀጥሎ ፊልሙ መጣ። አንዱ በአንዱ ላይ የወጡ የሀብታም ጀልባዎች ታዩ፤ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ፎጣ ተከናንበው የተጋደሙ ቱሪስቶች ታዩ፤ አንዲት ፈረንጅ ሻንጣዬ ጠፋ ብላ አለቀሰች። ስለ ዓሣ አጥማጆቹ መንደሮች አንዲት ቃል አልተነገረችም። በማግሥቱም ያው፣ በሦስተኛውም ቀን ያው። የባሕሩ ዳርቻ ሕዝብ አለ ወይስ አልቋል ብሎ የጠየቀ የለም፤ የትኛው ሆቴል ስንት መስኮት እንደተሰበረበት ግን ሁላችንም አወቅን።

እሷ በየእረፍቱ ምድር ቤት ወደሚገኘው የሕዝብ ስልክ ትወርዳለች። ኦፕሬተሯ መስመር የለም ትላታለች። አመስግና ትዘጋና ወደ ሥራዋ ትመለሳለች። ያ ማመስገኗ አንጀቴን ይበላኝ ነበር።

በአራተኛው ቀን የደሴቷ አውሮፕላን ማረፊያ ለጥቂት በረራ ተከፈተ። መጀመሪያ የወጡት ቱሪስቶቹ ናቸው። አስጎብኚያቸው ሎስ አንጀለስ ድረስ አመጣቸውና ወደየቤታቸው እስኪሄዱ የእኛን ሆቴል ሦስተኛ ፎቅ ያዘላቸው። ሎቢው ውስጥ “እንኳን በሰላም መጣችሁ” የሚል ጨርቅ ተሰቀለ። በየክፍሉ የፍራፍሬ ቅርጫት ገባ። ከመቀበያው አጠገብ ወደፈለጉበት በነጻ የሚደውሉበት ስልክ ተቀመጠላቸው። ጓደኛዬ ከበታቻቸው ቆማ ስለ እናቷ ሳንቲም እየከተተች ስትደውል፣ እነሱ ከላይ ድመታቸው በልታ እንደሆነ ጎረቤታቸውን ይጠይቃሉ። የድመቷን ነገር አላጋነንኩም፤ በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ።

ሱፐርቫይዘራችን ጠዋት ሰብስባ መመሪያ ሰጠችን። እነዚህ ሰዎች ከባድ ነገር አሳልፈዋል፣ ፈገግ በሉላቸው፣ ስለ አደጋው አንድም ሰው እንዳይጠይቃቸው አለች። ጓደኛዬ ከየት እንደሆነች ታውቃለች። ስታወራ ዓይኗ ጓደኛዬ ላይ ደርሶ አለፈ፤ እናትሽ እንዴት ናቸው አላለቻትም። ጓደኛዬ እጇን አወጣችና ሦስተኛውን ፎቅ ለእኛ እንድትሰጠን ለመነቻት። ሰው ስለጎደላት ሰጠችን።

የመጀመሪያው ክፍል መታጠቢያ ገንዳ ውስጥ አሸዋ ነበረ። ላጥበው ስል ያዝ አደረገችኝ። ጎንበስ ብላ በጣቷ ነካችውና መዳፏ ላይ አሸት አሸት አደረገችው።

“ጥቁር አለበት፤ ይሄ የእኛ ወገን አሸዋ ነው” አለችኝ።

አራተኛው ክፍል ውስጥ አንድ ስልሳ ዓመት የሚሆነው፣ ፀሐይ የጠበሰው ሰውዬ ስልክ እያነጋገረ ነበር። በስልኩ የሚያወራው ስለተቋረጠበት የዕረፍት ጉዞ ነው። ካሣ ይፈልጋል። ሚስቱ ሻወር ውስጥ ነበረች። እኛ አልጋውን ማንጠፍ ያዝን። ስልኩን ሲያስቀምጥ ጓደኛዬ ይቅርታ ጠይቃ፣ ያረፉበት ሆቴል በየትኛው ወሽመጥ እንደነበረ ጠየቀችው። ነገራት። ያ ከመንደሯ ቀጥሎ ያለው ሆቴል ነው። ትራሱን ደረቷ ላይ እንደያዘች ቀረች።

“እናቴ ያለችው ከእናንተ ቀጥሎ ባለው መንደር ነው። አይተውት ይሆን?” አለችው።

ሰውየው ክፉ አይመስልም ነበር። እንዲያውም ተመቻችቶ ተቀመጠና ይተርክላት ጀመር። መንደሩ ከበረንዳቸው ይታይ እንደነበረ፣ አሁን ግን ባሕሩ ጠርጎት ምንም እንደሌለ ነገራት። የአየር ሁኔታ እንደሚያወራ ሰው ነበር የሚናገረው። በሁለተኛው ቀን ሰዎች ባልዲና ጀሪካን ይዘው ወደ ሆቴሉ አጥር መጡ አለ። የሆቴሉ የውሃ ታንከር አልተነካም፤ ውሃ ሊለምኑ ነው የመጡት። ጠባቂዎቹ ጠመንጃ ደግነው መለሷቸው። እሱ ይህን የሚያወራው ስለ ራሱ ፍርሃት ለመንገር ነበር። ሚስቱ ምን ያህል እንደደነገጠች፣ ከዚያ ወዲያ ውጭ መቀመጥ እንዴት እንዳስጠላቸው።

“ውሃውን አልሰጧቸውም?” አለች ጓደኛዬ።

“ለእኛ መብቃቱን በምን እናውቃለን?”

“መዋኛው ውስጥስ ውሃ ነበረ?”

“ነበረ” አለ ሰውየው፣ ጥያቄው ወዴት እንደሚሄድ ሳይገባው።

“ሲመልሷቸው እናንተ ምን አላችሁ?”

ድምፅዋ ከፍ አላለም። ከጎኗ ቆሜያለሁ፤ የትራስ ልብስ ስትጠይቀኝ ከምታወራው በላይ አልጮኸችም። የሰውየው ፊት ግን ቀላ። ሆቴል እንጂ ፍርድ ቤት እንዳልመጣ ተናገረና ስልኩን አነሣ።

ብዙም ሳይቆይ ሱፐርቫይዘሯ ቢሮ ተጠራን። መጀመሪያ ብቻዬን አስገባችኝ። ወረቀቱ ተጽፎ አልቆ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ሠራተኛዋ እንግዳ ላይ ጮኻለች፣ አስፈራርታዋለች ይላል። ከበታቹ የምስክር ፊርማ የሚል መስመር አለው። እንዳልጮኸች ነገርኳት። አልተከራከረችኝም። እስክሪብቶውን ወደ እኔ ገፋ አድርጋ “የአንቺ ወረቀት ገና አላለቀም አይደል?” አለችኝ።

ፈረምኩ።

ስወጣ ጓደኛዬ በሩ ላይ ቆማለች። ፊቴን አይታ ገባት መሰለኝ። የስም ባጇን ተቀብለው ወደ ቤትሽ ሂጂ አሏት። በአጠገቤ ስታልፍ “ጋሪው ላይ ፎጣ አልጨመርንም፣ እንዳትረሺ” አለችኝ። የቀሩትን ክፍሎች ብቻዬን ጨረስኩ። በሰውየው አልጋ ጎን ቆሜ ትራሱን ሳስተካክል፣ ማስታወሻ ወረቀት ላይ “አመሰግናለሁ” የሚል ጽፎልኝ አገኘሁ። ቀድጄ ሽንት ቤት ውስጥ ጣልኩት።

ከእኔ በታች ባለው ክፍል አንድ ጋሼ ይኖሩ ነበር። በጃንሆይ ጊዜ ምፅዋ ላይ የባሕር ኃይል ባልደረባ የነበሩ፣ አሁን ኤርፖርት ታክሲ የሚነዱ ናቸው። ያን ዕለት ስመለስ ጓሮ መኪናቸውን ሲወለውሉ አገኘኋቸውና የሆነውን አንድ በአንድ ነገርኳቸው። ማጽናኛ ፈልጌ ነበር። እሳቸው ጨርቁን ባልዲው ውስጥ አስቀመጡ።

“ባሕር ቤት ሲወስድ አይቻለሁ” አሉ። “ባሕር ማንን እንደሚወስድ አያውቅም። ለተጠማ ሰው ጠመንጃ የደገነው ግን አሳምሮ ያውቃል።” ቀጥለውም “የፈረምሽው ምን ይላል?” አሉኝ።

“ጮኻለች ይላል።”

“ጮኻለች?”

“አልጮኸችም።”

“እንግዲያማ በሐሰት መሰከርሽ።”

“ጋሼ፣ ወረቀቴ እኮ እንደሚያውቁት ነው” አልኳቸው።

“አውቃለሁ፣ ልጄ። የእኔም ወረቀት ገና ነው። ነገ ሂጂና አስተካክዪው።”

የዚያን ዕለት ከሆቴሉ ሰዎች ሁሉ ይልቅ በእሳቸው ተናደድኩ። ለእሳቸው መናገር ቀላል ነው እያልኩ ደረጃውን ወጣሁ። ግማሽ መንገድ ላይ ሳለሁ ጠሩኝና የመንደሩን ስም ጠየቁኝ። ከኪሳቸው ባወጡት የሲጋራ ካርቶን ላይ ጻፉት።

“እኛ እዚያ ኤርፖርት፣ ታክሲ በሚሰለፍበት ሆልዲንግ ሎት ውስጥ ተራ ስንጠብቅ ነው የምንውለው” አሉ። “ሶ ከዚያ አገር በኩል የመጣ ፓሴንጀር ሁሉ ይጠየቃል። እኛን የሚከለክለን ሱፐርቫይዘር የለም።”

በማግሥቱ ከሥራ መግቢያ ሰዓት ቀድሜ ቢሮዋ ገባሁ። የፈረምኩት እውነት እንዳልሆነ፣ ስሜን ማንሣት እንደምፈልግ ነገርኳት። ወረቀቱ ወደ ላይ ሄዷል አለችኝ። እንግዲያው እኔም እጽፋለሁ ብዬ፣ ከጠረጴዛዋ ላይ አንድ የሆቴሉን ወረቀት አንሥቼ፣ በዚያ በተኮላተፈ እንግሊዝኛዬ ጓደኛዬ እንዳልጮኸች፣ የጠየቀችውም ስለ እናቷ መሆኑን ጻፍኩና ፈረምኩበት። አንብባው መሳቢያ ውስጥ ከተተችው። ከዚያ መሳቢያ የወጣ አይመስለኝም። በሳምንቱ እኔን ምድር ቤት ልብስ ማጠቢያ አወረዱኝ፤ ጓደኛዬን ደግሞ በስልክ አሰናበቷት። አሥራ አንድ ዓመት ከሠራችበት ቤት።

በእነዚያ ቀናት ሆልዲንግ ሎቱ ውስጥ የሆነውን ጋሼ ነግረውኛል። እዚያ ያሉት የእኛ አገር ሾፌሮች በአገራቸው ፖለቲካ የማይስማሙ፣ አንዱ የሌላውን ድርጅት ስም ሲሰማ የሚነሣ ነበሩ። ኦርቶዶክሱና ጴንጤውም እንዲሁ በየመኪናቸው ተለያይተው ነው የሚቀመጡት። የመንደሩን ስም ግን ሁሉም በየካርቶኑ ጻፈው። አንዱ ተሳፋሪ በሰሜን በኩል የነበረ፣ ደሴቷ ደኅና ናት፣ ፀሐይ ነበር ብሎ አለፈ። ሌላው በዚያ ዳርቻ የተረፈ ሰው የለም አለ። ሦስተኛው “ታክሲ ነጂ ምን አገባህ?” ብሎ ተቆጣ። ሾፌሮቹ ለሳምንት ያህል ሳይታክቱ ጠየቁ። ከዜና ማሠራጫውም፣ ከአስጎብኚውም፣ ያንን ሆቴል ከሚያስተዳድሩትም ይልቅ፣ ያንን ዳርቻ በካርታ እንኳ የማያውቁ የእኛ ሰዎች ስለ እነዚያ ዓሣ አጥማጆች ጠየቁ። ይህን ሳስብ ደስ ሊለኝ ሲገባ ንዴቴ ይብሳል።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ከፌርፋክስ ምግብ አስጠቅልዬ ኢንግልዉድ ወደሚገኘው የጓደኛዬ ቤት ሄድኩ። ከተባረረች ወዲህ ላያት አፍሬ ነበር። በሩን ስትከፍት አስቀድሜ የፈረምኩትን ነገርኳት። “በይ ግቢ፣ ምግቡ ይቀዘቅዛል” አለችኝ። ገና ሳንቀመጥ አድራሻውን የሰጠኋቸው የጋሼ ታክሲ ደጃፉ ላይ ቆመ። ከኋላ ወንበር አንዲት ነርስ ወረደች። መድኃኒት ልትወስድ ከደሴቷ ለሁለት ቀን የመጣች፣ ተመልሳ ወደዚያው የምትሄድ ናት። ጋሼ የመንደሩን ስም ሲጠሩላት ቀጥታ ወደ ሆቴሏ መሄዷን ትታ እዚህ ውሰዱኝ ብላቸዋለች።

ነርሷ ቆማ ነው የነገረችን። ሰዎቹ ኮረብታው ላይ ወዳለው ትምህርት ቤት ሸሽተው ስለነበር አብዛኞቹ ተርፈዋል። ከባሕሩ ፊት ለፊት ከነበሩት ቤቶች የቀረው የሲሚንቶ ወለል ብቻ ነው። አንዲት አሮጊት፣ ክንዳቸው ተሰብሮ በጨርቅ የታሰረ፣ ከወለላቸው ላይ አልነሣም ብለው እንዳስቸገሯት ነገረችን። ወንበር አምጥተው በዚያ ፀሐይ ተቀምጠዋል።

ጓደኛዬ “ምን ለብሳለች?” አለች።

“ሰማያዊ የወንድ ኮት፣ ቁልፎቹ የወለቁ።”

“የአባቴ ነው” አለች፤ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀመጠች።

እናቷ ለምን እንደማይነሡ ስትጠይቃቸው “ከተነሣሁ ይወስዱታል” ብለዋታል ነርሷን። ነርሷ መጀመሪያ ድንጋጤ ያመጣው ንግግር መስሏት ነበር። በኋላ ግን ገባት። የርዳታ መኪኖቹ ሆቴሉ ድረስ መጥተው፣ ከዚያ ወዲያ መንገድ የለም ብለው እዚያው ያራግፋሉ። ውሃ የጫነ ቦቴ መንደሩ የደረሰው በዘጠነኛው ቀን ነው። ከእሱ ሁለት ቀን ቀድመው ግን ሜትር የያዙ ሰዎች በእግራቸው መጥተው የባሕሩን ዳር ሲለኩ ውለዋል። ለመለኪያው መንገድ ነበረው፤ ለውሃው አልነበረውም። ስለ ጓደኛዬ ወንድም ግን ነርሷ ምንም አታውቅም ነበር።

ጓደኛዬ በዚያው ወር ዕቃዋን ሸጣ አገሯ ገባች። ጋሼ ኤርፖርት አደረሷት። እኔ ሻንጣዋን ይዤ ነበር።

የመጀመሪያው ደብዳቤዋ የመጣው ከገና በኋላ ነው። ወንድሟን የሌላ መንደር ዓሣ አጥማጆች ረግረግ ውስጥ አግኝተው ቀብረውታል። ጀልባውን ሊያስር ወርዶ ነው የቀረው። ሁለተኛው ደብዳቤ ስለ መሬቱ ነበር። መንግሥት ዳርቻውን አደገኛ ቀጠና ብሎ ሰየመውና ማንም ቤት እንዳይሠራበት ከለከለ። መንደርተኛውን ከባሕሩ የአንድ ሰዓት መንገድ ርቆ ወደተሠራ የብሎኬት ቤት አዛወሩት። ዓሣ አጥማጅ ከባሕር ሲርቅ ጀልባውን ማን ይጠብቅለታል? መረቡ ተሰረቀ፣ ሞተሩ ተሰረቀ። ወንዶቹ ሆቴሉ ውስጥ ሣር አጫጅ ሆኑ። እናቷን ፖሊሶች ከነወንበራቸው ተሸክመው ነው ከወለሉ ያነሷቸው። ሦስተኛው ደብዳቤ ሲመጣ እናቷ ሞተዋል፣ በአደገኛው ቀጠና ላይ ደግሞ የሆቴሉ አዲስ ክንፍ እየተገነባ ነበር። በወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል ይባላል። እነዚያ ሰዎች ግን አልወደቁም ነበር፤ ኮረብታው ላይ ቆመው ተርፈው ነበር።

ስለ ፊርማዬ በዚሁ ደብዳቤዋ ጫፍ ላይ ሁለት መስመር ጽፋለች። አልቀየምኩሽም፣ አንቺም የምትፈሪው ነገር ነበረሽ ትላለች። ያን ያነበብኩ ቀን ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

የመኖሪያ ፈቃዴ በቀጣዩ ዓመት መጣ። ሆቴሉን ለመልቀቅ ጥቂት ሳምንት ሲቀረኝ፣ የታጠበ የጠረጴዛ ልብስ ይዤ ወደ ሎቢው ስወጣ፣ የጉዞ ማስታወቂያ ወረቀቶች የሚደረደሩበት መደርደሪያ ላይ የዚያችን ደሴት ስም አየሁ። ሥዕሉ አሸዋና ባሕር ብቻ ነው፣ ሰው የለበትም። ከላዩ “የሰው እጅ ያልነካው ዳርቻ” ተብሎ ተጽፎበታል። አሸዋው ጓደኛዬ እንዳለችው ጥቁር አለበት። ወረቀቶቹን በሙሉ ሰብስቤ ከጠረጴዛ ልብሱ ሥር ከተትኳቸውና ምድር ቤት ቆሻሻ ውስጥ ጣልኳቸው።

በማግሥቱ ሌላ ክምር ተቀምጦ ነበር። እሱንም ወስጄ ጣልኩት። እስክለቅ ድረስ በየቀኑ ጣልኩት።